ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፤ ቀዩ ወንዝ ድንጋይ ሆኖ፣
የፍርድ ቤቱ መስኮት በአመዳይ ታፍኖ፣
እጄን አንሥቼ ማልኩ፣ እንደ ደንቡ ነገር፦
አፌን ላከራይ እንጂ ለራሴ ላልናገር፣
ከሰማሁት ቃል ላይ ላልቀንስ፣ ላልጨምር።

ተከሳሽ፦ ደባልቄ። ሥራው መኪና መጎተት፣
በረዶ የጣለውን ከጉድባ ማውጣት።
ተበዳይ፦ ኮልቢ ፍሪሰን። ሥራው ማሳቅ ነበር፣
መንጋጋው ዳግመኛ በሽቦ እስኪታሰር፤
ዛሬ ሲጠየቅ መልሱን ጽፎ ያሳያል፣
ሾርባውን በቀጭን ቱቦ በጥርሱ መሃል ይስባል።

ኅዳር ውስጥ ነው ነገሩ፤ በፖርቴጅ መንገድ ዳር፣
ምድር ቤት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቀልድ የሚሸጥበት ባር።
ደባልቄ ሁለት ትኬት ቆርጦ ብቻውን ፊት ተቀምጧል፣
ከጎኑ ባዶው ወንበር ላይ ካፖርቱን አጥፎ አስቀምጧል።
ኮልቢ አየው። ጠየቀው። ደባልቄ መለሰ።
ኮልቢ ቀለደ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
የማይክራፎኑ ዘንግ ተነሣ። ኮልቢ ወደቀ።
ሰዉ የቀልዱ ጭራ መስሎት፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ሳቀ።

አቃቤ ሕጉ አሁን ቀልዱን ከወረቀት ያነባል፤
ድምፁ እንደ ቤት ኪራይ ደረሰኝ ደርቋል።
ማንም አይስቅም። ቀልድ ችሎት ሲቀርብ፣
ከወንዝ እንደወጣ ዓሣ ነው፤ ዓይኑ ብቻ ክብ።

ባደግኩበት ሰፈር ቀልድ የሚወራ ግራና ቀኝ ታይቶ፣
ሳጥን ውስጥ የሚቆመው ቀልደኛው ነበር፣ ጆሮ ጠቢ ሰምቶ።
እዚህ የቆመው መቺው ነው። ደግ ነው፤ አልከፋኝም፤
ግን ያን ባዶ ወንበር ሕጉ በስም አይጠራም።
«ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» ይባላል፤
ኮልቢን ሳየው ግን፣ የሰበረው ብረት መሆኑ ይታያል።

«ባፍ መፍቻው ይስማው» አለች ዳኛዋ።
አስተርጓሚ «እሱ እንዲህ አለ» አይልም፤ «እኔ» ነው የሚለው፤
ስለዚህ የዚያ ሰው ስድብ፣ ለጊዜው ባለቤቱ እኔው።
ቃል ፈለግኩ። «ተገላገለች»? ያ ልጅ የወለደች ያስመስላል።
«አመለጠች»? ያ ደግሞ ወህኒ ወህኒ ይላል።
ከዚያ ምላሴ ጫፍ ላይ፣ ሳልጠራው፣ አንድ ቃል መጣ፣
የለቅሶ ቤት ልብስ ለብሶ ከጠጅ ቤት የወጣ፦

«ሚስትህስ?»
«አረፈች።»
«እሰይ! ካንተ ነዋ ያረፈች!»

ዝም። የማሞቂያው ቧንቧ ሲንጫጫ ይሰማል።
ደባልቄ ጨብጧል። ወደ እኔ ያያል።
(እኔ ነኛ ያልኩት። መንጋጋዬን ዳሰስኩ፣
እጁ ካቴና እንደሌለው ያን ጊዜ አስታወስኩ።)

ሳቀ።
ከሆዱ፣ ሳይፈልግ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣
እንባው ከሳቁ ጋር በር ላይ ተጋፍቶ አመለጠ።
«እሷም እንዲሁ ነበረች» አለ፣ «ሌሊት ሌሊት ሳንኮራፋ፣
‹ካንተስ የማርፈው ስሞት ነው› ትለኛለች፣ በትራስ ስትገፋ።»

ይህንንም ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አልሆነም።
ቃሉ አንድ እግሩን ድንበር ላይ ጥሎ ገባ፤ ችሎቱ አልገባውም።
ጸሐፊዋ «ተከሳሹ ሳቀ» ብላ መዘገበች፣
ዳኛዋ ለየካቲት ሦስት ቀጠረች።

ኮልቢ ግን ቀና ብሏል። የሳቅ ድምፅ ያውቃላ፤
ዕድሜውን ሙሉ የሸመተው ነው፣ ሌላውን ሁሉ ጥሎ ኋላ።
አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ሽቦው ያዘው፤ ፊቱ ጠቆረ።
ኮሪደሩ ላይ ደርሶብኝ፣ ወረቀት ደረቴ ላይ ወተረ፦
«ምን ብለህ ነው ያሳቅከው?»

«አንተ ያልከውን ነው» አልኩት፤ «ምንም አልጨመርኩም።»
ብዙ አየኝ። ወረቀቱን ገልብጦ ጻፈ፦
«እኔ ስለው አልሳቀም።»